በደሴ ገበያ የሚሸጡ የክር ቀለሞች፦ የትኛው ይይዛል፣ የትኛው ይለቃል

ፍርዱን ከላይ ላስቀምጠው፣ ጊዜ የሌለው ሰው አንብቦ ይሂድ። የጥጥ ክር ነክራችሁ ልብስ ልታሸምኑ ከሆነ በማንኪያ እየተሰፈረ የሚሸጠውን የሞሰብ ስፌት ቀለም አትግዙ። ከመርካቶ የሚመጣውን የቀዝቃዛ ውሃ ቀለም ግዙ፣ ቀለሙን ከጥጡ ጋር የሚያስተሳስረውን ዱቄት፣ ሶዳ አሽንም አብራችሁ። ይወደዳል። ፍለጋውም ያደክማል። ግን አይለቅም። ጊዜ ያላችሁ ደግሞ ቁጭ በሉ፣ ቡናም ካለ ይቅረብ። ክር መንከር ከጀመርኩ ወዲህ ሌላ ወሬ የለኝም፤ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ሰልችቶኛል ብሏል፣ ተራው የእናንተ ነው።

ሰው ሲሰማ መጀመሪያ የሚለኝ አንድ ነገር ነው። «ባለቀለም ክር ሞልቶ የለም እንዴ? ምን አስለፋሽ?» ሞልቷል። ፒያሳም ሂዱ፣ ሸዋ በርም ውረዱ፣ ለጥለት የሚሆን ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ወርቃማ ክር አታጡም። ችግሩ ቀዩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያው ቀይ መሆኑ ነው። እኔ የፈለግኩት መሃል ላይ ሐሳቡን የሚቀይር ክር ነው። ከብርቱካናማ ተነስቶ ወደ ሮዝ የሚሄድ፣ ቀስ እያለ የሚደበዝዝ፣ ድንገት ነጭ ጣል የሚያደርግ። እንደዚያ ያለ ክር ሽመና ላይ ሲገባ ሸማኔው ራሱ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አያውቅም። ደስ የሚለው እሱ ነው።

ስለ ቀለሙ ከማውራቴ በፊት ስለ ክሩ አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ጋ ስለሆነ። ሻጭ ሁሉ «ጥጥ ነው» ይላችኋል። ክብሪት ይዛችሁ ሂዱ። ጫፏን ቆርጣችሁ አቃጥሏት። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ለስላሳ አመድ ይሆናል። የበግ ጸጉር ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ሰው ሠራሽ ከሆነ ቀልጦ ይኮማተርና ጠንካራ እንክብል ይሆናል፤ ያ ክር ለጥጥ የተሠራ ቀለም ውስጥ ሳምንት ቢያድር እንኳ ታጥቦ ሲወጣ እንደገባው ነው። የሚያብረቀርቁት የጥለት ክሮች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ሻጮቹ ክብሪቱን ሲያዩ ደስ አይላቸውም፣ ይልመዱት።

ጥጥ መሆኑን ካወቃችሁ በኋላም ወዲያው አይነከርም። የእጅ ፈትል ውሃ ላይ ጣሉትና እዩት፣ ይንሳፈፋል። ጥጥ ከተፈጥሮው ሰም አለው፣ ሰሙ ካልወጣ ቀለሙ ከላይ ከላይ ይይዝና ይቀራል። ስለዚህ ትንሽ ሶዳ አሽና ሳሙና ጨምሮ አንድ ሰዓት ያህል መቀቀል ነው። ነጭ የመሰላችሁ ፈትል ውሃውን ቡናማ ሲያደርገው ትገረማላችሁ። ከዚያ በኋላ ውሃ ላይ ስታስቀምጡት ቀጥ ብሎ ይሰምጣል። ያኔ ዝግጁ ነው። የፋብሪካ ክርም ቢሆን ይህን ይፈልጋል፣ ትንሽ ቀለል ይላል እንጂ። ስትቀቅሉት ግን ጥቅሉን አራት ቦታ ላይ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት። ካላሰራችሁት ተወሳስቦ ይወጣና ቀሪ ዕድሜያችሁን ክር ስትፈቱ ትኖራላችሁ።

እሺ፣ አሁን ወደ ማንኪያው ቀለም።

ሰኞ ገበያ አካባቢ የምታውቁት ነው። ሴቶቹ በቆርቆሮ ጣሳ ደርድረውት ይቀመጣሉ፤ ሮዝ፣ ወይን ጠጅ፣ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ። በማንኪያ ይሰፍሩና በቁራጭ ላስቲክ ይቋጥሩላችኋል። ሥራው የታወቀ ነው፣ አክርማና ስንደዶ ይነከርበታል፣ ሞሰብ ይሰፋበታል። ዋጋው የአንድ ማኪያቶ ያህል ነው። ሻጮቹ ደግሞ ፍልቅልቅ ናቸው፣ «ለክርስ ይሆናል?» ስትሏቸው «ለሁሉም ይሆናል የኔ እህት፣ ለፀጉርም ይሆናል» ይላሉ። ለፀጉር አታድርጉት።

ውሃ አፍልታችሁ ስትጨምሩት የሚያሳየው ቀለም በእውነት ልብ ይሰርቃል። በተለይ ሮዙ። እንዲህ ያለ የሚጮህ ሮዝ በሌላ በምንም አላገኘሁም። ጥጡ እዚያው ዓይናችሁ እያየ ይጠጣዋል። ከዚያ ማጠብ ትጀምራላችሁ። ክሩን ታለቀልቃላችሁ፣ ውሃው ሮዝ ነው። እንደገና፣ ሮዝ ነው። ጨው ጨምራችሁ፣ ኮምጣጤ ጨምራችሁ፣ ጎረቤት የመከረችውን ሁሉ ጨምራችሁ፣ ያው ሮዝ ነው። የደረቀውን ክር በእርጥብ ነጭ ጨርቅ አሸት አሸት ሳደርገው ጨርቁ ከክሩ በላይ አማረ። መስኮት አጠገብ የተውኩት ሌላው ጥቅል ደግሞ በፀሐይ በኩል ያለው ፊቱ ገርጥቶ ጠበቀኝ።

ይህ የቀለሙ ጥፋት አይደለም፣ ያለቦታው መግባቱ ነው። እንደዚህ ያሉ ደማቅ ዱቄት ቀለሞች ዘር ማንዘራቸው ወደ 1856 (እ.ኤ.አ.) ይሄዳል። ዊሊያም ፐርኪን የሚባል የ18 ዓመት እንግሊዛዊ ለወባ የሚሆነውን ክዊኒን በቤተ ሙከራ ልሥራ ብሎ ሲሞክር ወይን ጠጅ ቀለም ወጣለት። መድኃኒቱን ሳያገኝ በቀለም ሀብታም ሆነ። ያ ቀለም ሐር ላይ ቆንጆ ይዞ ነበር፣ ጥጥ ላይ ግን አልይዝም አለ። መላው ጥጡን አስቀድሞ ታኒን ማጠጣት ሆነ፤ ታኒን ማለት ሻይ ሲጠቁር፣ ያልበሰለ ሙዝ ስትበሉ ምላስ የሚያስረው ነገር ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው ማንኪያውን ቀለም እንደገና ያነሳሁት። ክሩን በጣም ከጠቆረ ሻይ ውስጥ ሌሊቱን አሳድሬ ስነክረው የተሻለ ያዘ። ሮዙ ትንሽ ወደ ጡብ ቀለም አደላ፣ ጩኸቱን ቀነሰ፣ መልቀቁም ቀነሰ። ቀነሰ እንጂ አልቆመም። ለግድግዳ ጌጥ ይሆናል፣ ለሚታጠብ ልብስ አይሆንም።

የበግ ጸጉር ላይ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ከደጋ የሚወርድ የተፈተለ የበግ ጸጉር ካገኛችሁ ይህንኑ ርካሽ ቀለም ከኮምጣጤ ጋር ሞክሩት። ቀስ ብሎ ይሙቅ፣ ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ። በጥድፊያ ከሙቅ ወደ ቀዝቃዛ ካዘዋወራችሁት ጸጉሩ ተያይዞ ይጨማደዳል፣ ክርነቱ ይቀራል። እንዲህ ስነክረው ቀለሙ የነበረበት ውሃ መጨረሻ ላይ ጥርት ብሎ ቀረ፣ ጸጉሩ ሁሉንም ወስዶታል። ለትንሽ ምንጣፍ፣ ለትራስ ልብስ ለሚያስቡ ሰዎች የምመክረው ይህን ነው። ሶዳ አሽ ግን ወደ በግ ጸጉር አታስጠጉ፣ ይበላዋል።

አሁን ወደ ውዱ እንምጣ። የቀዝቃዛ ውሃ ቀለም የሚባለውን ደሴ ውስጥ እንደ ልብ አታገኙትም። ከመርካቶ ዕቃ የሚያመጡ ነጋዴዎች ሲነገራቸው ያመጣሉ፣ በግራም ይሸጣል። ሶዳ አሹን ግን እዚሁም ኮምቦልቻም ፈሳሽ ሳሙና ለሚሠሩ ሰዎች ጥሬ ዕቃ በሚሸጡ ሱቆች ታገኙታላችሁ፤ አቢጃታ ሐይቅ ዳርም ፋብሪካ ተተክሎለት ነበር። ስትገዙ ስሙን ጠርታችሁ ግዙ። ኮስቲክ ሶዳ ሌላ ነው፣ ቆዳ ያቃጥላል። ለኬክ የሚገባው ሶዳም ሌላ ነው፣ አያቃጥልም፣ እንዳለ ጨምራችሁትም ጉልበቱ አይበቃም። አንድ ባለሱቅ ሦስቱንም «ሶዳ ሶዳ ነው» ብሎ ሊሸጥልኝ ሲል ነበር። አይደለም ወንድሜ።

የዚህ ቀለም ሥራው እንዲህ ነው። ሌላው ቀለም ክሩ ላይ ይቀመጣል፣ ይህኛው ከጥጡ ጋር በኬሚካል ይተሳሰራል። ለገበያ የወጣው በ1956 (እ.ኤ.አ.) ነው፣ አይሲአይ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ፕሮሲዮን ብሎ አወጣው። እሳት አይፈልግም፣ ለብ ያለ ውሃ ይበቃዋል። የሚያስተሳስረው ሶዳ አሹ ነው፤ ለአንድ ሊትር ውሃ 20 ግራም ገደማ። ጨው ደግሞ 50 ግራም ያህል፣ ቀለሙን ከውሃው ወደ ክሩ የሚገፋው እሱ ነው። የአፍዴራ ጨው በደንብ ይሠራል፣ በርካሽም ይገኛል። ቀለሙ ራሱ ለ100 ግራም ክር ከ1 እስከ 4 ግራም ነው፤ 1 ፈዘዝ ያለ፣ 4 ጠቆር ያለ። ስለዚህ በወረቀት ላይ ስታዩት የተወደደው ነገር ሲከፋፈል ያን ያህል አይደለም። አንድ ቁምነገር፦ ሶዳው አንዴ ከገባ ሰዓቱ ይቆጥራል። ቀለሙ ከጥጡ ጋር ብቻ ሳይሆን ከውሃውም ጋር ይተሳሰራል፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጉልበቱ ያልቃል። «የተረፈውን ነገ እጠቀምበታለሁ» ብሎ ነገር የለም።

የደሴ ሰው የሚቸገረው ብርዱ ላይ ነው። ጦሳ ተራራ ላይ ጉም የተኛበት ቀን በረንዳ ላይ የተቀመጠ ባልዲ ለብ ብሎ አይቆይም፣ ቀለሙም ይሰንፋል። ባልዲውን ከድኖ በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ቤት ውስጥ ማሳደር ይሻላል። ኮምቦልቻ ያላችሁ ታድላችኋል። በሐረጎ ቁልቁለት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ሲባል አየሩ ሌላ ነው፤ ባልዲውን ጥቁር ላስቲክ አልብሶ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ነው፣ በቃ። አክስቴ ቤት ኮምቦልቻ የነከርኩት ሰማያዊ ደሴ ከነከርኩት የጠለቀ የወጣው ለዚህ ይመስለኛል፣ ልኬቱ አንድ ነበር። ፈልቶ የሚነከር ዓይነት ቀለም ከገዛችሁም ከፍታውን አስቡት። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ እንኳ በቅጡ ሳይሞላ ነው። ማሸጊያው ላይ «አንድ ሰዓት አፍሉ» የሚለው የባሕር ዳርቻ ሰዓት ነው። ጨመር አድርጉ።

የማጠቡ ነገር ደግሞ ያናድዳል። የቀዝቃዛ ውሃ ቀለም ከክሩ ጋር ያልተሳሰረው ትርፉ መውጣት አለበት። መጀመሪያ በቀዝቃዛ፣ ቀጥሎ በሚያቃጥል ሙቅ ውሃና ሳሙና፣ ውሃው ጥርት እስኪል። ብዙ ውሃ ይጠይቃል። ቧንቧ በተራ በሚመጣበት ሰፈር የምትኖሩ ውሃ የሚመጣበትን ቀን ጠብቃችሁ ንከሩ፣ ወይ ክረምት ላይ ከጣሪያ የምትይዙትን ተጠቀሙ። ዱቄቱን ስትከፍቱ ደግሞ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ወደ ሳንባ ሲገባ ጥሩ አይደለም፣ ለአንዳንድ ሰው አስም የመሰለ ነገር ያመጣል። ድስቱም ባልዲውም ማማሰያውም ለቀለም ብቻ ይሁን። እናቴ የወጥ ድስቷን ከእኔ የደበቀችበት ቦታ እስካሁን አልተገኘም።

አሁን ጨዋታው። ለዚህ ነው ጽሑፉን የጀመርኩት።

አንዱ መንገድ ግማሹን መንከር ነው። ጥቅሉን እንጨት ላይ ሰቅሎ ታቹን ብቻ ቀለም ውስጥ ማንጠልጠል። እርጥብ ክር ቀለሙን ወደ ላይ ይስበዋል፣ ድንበሩ በራሱ ጊዜ እየፈዘዘ ይሄዳል። ገልብጦ ሌላውን ጫፍ ሌላ ቀለም ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ሦስተኛ ይወለዳል። ሌላው መቋጠር ነው፤ ክሩን በላስቲክ ጥብቅ አድርጎ ቦታ ቦታ ላይ አስሮ መንከር፣ የታሰረው ነጭ ሆኖ ይቀራል። የምወደው ግን መነስነስ ነው። በሶዳ ውሃ የራሰውን ክር ላስቲክ ላይ ዘርግቼ ደረቁን ዱቄት በጥርስ መፋቂያ ጫፍ ትንሽ ትንሽ እነሰንሳለሁ። እያንዳንዷ ቅንጣት ለብቻዋ ትፈነዳለች። ጥቁር ወይም ቡናማ ተብሎ የተሸጠው ዱቄት ሲነሰነስ ደግሞ ውስጡ የነበሩት ቀለሞች ለየብቻ ይታያሉ፤ አንዷ ቅንጣት ቀይ፣ አንዷ ሰማያዊ፣ አንዷ ቢጫ። ድብልቅ መሆኑን ያወቅኩት እንዲህ ነው።

ከዚያ ክሩን ይዤ ወደ ሸማኔው ሄድኩ። ጋሼ እላቸዋለሁ፣ ሰፈራችን ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን የሸመኑ ሰው ናቸው። ጥቅሉን ገልብጠው አዩት።

«ይሄ ተበላሽቶብሽ ነው ወይስ ሆን ብለሽ ነው?»

«ሆን ብዬ ነው ጋሼ።»

«ሆን ብለሽ!» አሉና ሳቁ። «ይሁና። ለማግ ከሆነ አብሽሪ፣ እወረውረዋለሁ። ለድር ከሆነ ግን መጀመሪያ ልየው።»

ድር መሸመኛው ላይ በቁመት የሚወጠረው ክር ነው፣ ማግ ደግሞ በመወርወሪያ በወርዱ የሚመላለሰው። የሚያዩት ምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ክሩን ምራቃቸውን አስነክተው በነጭ ቁራጭ አሹት። ማንኪያው ቀለም የነካውን ወዲያው መለሱልኝ፣ «ይሄ ልብሱን ትቶ አንገትሽ ላይ ነው የሚቀረው» ብለው። ምክንያታቸውንም ነገሩኝ። ድር ከተደራ በኋላ እንዳይበጠስና በክሩ ላይ የቆመው ጸጉር እንዲተኛ የዱቄት ሙቅ ይቀባል። የሚለቅ ቀለም ሙቁን ሲያገኝ ለጎረቤቱ ክር ሁሉ ያዳርሳል፤ ነጩ ሮዝ፣ ሮዙ ቆሻሻ ይሆናል። ማግ ላይ ቢለቅ አንድ መስመር ነው የሚበላሸው፣ ድር ላይ ቢለቅ ግን ልብሱ በሙሉ ነው። የቀዝቃዛ ውሃውን ቀለም አሽተው አሽተው ቁራጩ ነጭ ሆኖ ሲቀር «ይሄን ከየት አመጣሽው?» ብለው ለራሳቸውም እንዳመጣላቸው አዘዙኝ። ከዚህ የበለጠ ግምገማ የለኝም፣ እዚህ ላይ ማቆም ሁሉ እችል ነበር።

ግን አላቆምም፣ ምክንያቱም ስለ ዙሪያው አልነገርኳችሁም። ክር የሚጠመጠምበት ዙሪያ ምን ያህል መሆኑ የልብሱን መልክ ይወስናል። የጋሼ ልብስ ወርዱ ክንድ ተኩል ያህል ነው፣ 75 ሴንቲ ሜትር እንበለው። ማጉ ሄዶ ሲመለስ 1.5 ሜትር ይፈጃል። እኔ ደግሞ ክሩን በሁለት ወንበር ጀርባ ላይ አጠምጥሜ ዙሪያውን 1.5 ሜትር አደረግኩት፣ ግማሹን ብርቱካናማ፣ ግማሹን ሰማያዊ ነከርኩት። አሁን መወርወሪያው ቀለሙ ከሚቀየርበት ነጥብ ላይ ከልብሱ ጠርዝ ቢነሳ አንዱ መስመር ብርቱካናማ፣ ቀጣዩ ሰማያዊ እየሆነ ቀጭን ቀጭን ሰረዝ ይወጣል። ይኸው ክር ነጥቡ ልብሱ መሃል ላይ እንዲውል ተደርጎ ቢጀመር ግን ልብሱ ለሁለት ይከፈላል፤ ቀኙ በሙሉ ብርቱካናማ፣ ግራው በሙሉ ሰማያዊ። አንድ ክር፣ አንድ መወርወሪያ ነው! ዙሪያው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቢያንስ ወይም ቢበዛ ደግሞ ድንበሩ በየመስመሩ ትንሽ ትንሽ እየተንሸራተተ ዚግዛግ ይሠራል። ጋሼ ሳይነካካ የሚሄደውን ዚግዛግ ሲያዩ ወደ መርገጫው ጎንበስ ብለው እግራቸውን አዩት፣ እሳቸው ያደረጉት ነገር ያለ መስሏቸው።

አዲስ ቀሰም (መወርወሪያው ውስጥ የሚገባው የማግ ጥቅል) በተጠመጠመ ቁጥር ግን ቅደም ተከተሉ ይቋረጣል። ቀለሙ ካቆመበት እንዲቀጥል ጫፍ ለጫፍ ማገናኘት አለበት፣ ይህን ለማድረግ ጋሼ ጊዜ ይወስድባቸዋል፣ ዋጋም ጨምረዋል። አልተከራከርኩም፣ ይገባቸዋል። ይህን ማገናኘት የማይፈልግ ሰው ደግሞ ሁለት መወርወሪያ ተራ በተራ ያስወርውር፣ አንዱ ነጭ ማግ አንዱ የተነከረ። ቀለሙ ይበተናል፣ ረጋ ያለ ልብስ ይወጣል። በኢንዶኔዥያና በኡዝቤኪስታን ድሩን ራሱን ለክቶ ቋጥሮ እየነከረ ቅርጽ የሚያወጣ ጥንታዊ ጥበብ አለ፤ ለጋሼ በስልክ ፎቶ ሳሳያቸው ብዙ ዝም አሉና «ይሄስ የትዕግሥት ነው» አሉ። በትንሹ ልንሞክረው ተስማምተናል፣ ለነጠላ ጫፍ ያህል።

የጓዳውን ቀለም በአጭሩ ልለፈው። እርድ ጥጥ ላይ ያለ ምንም ማያዣ ይይዛል፣ ቢጫው ያበራል፣ ፀሐይ ግን ቶሎ ይበላዋል። ለጨዋታ ግን ወደር የለውም። በእርድ የተነከረ ክር ላይ የሶዳ ውሃ በብሩሽ ብትነኩ እዚያው ቀይ ይሆናል፣ ሎሚ ብትጨምሩበት ተመልሶ ቢጫ። ልጆች ካሉ ሙሉ ከሰዓት ያስቀምጣቸዋል። በኦሞ የሚታጠብ ልብስ ላይ ግን ይህ ጸባይ ምን እንደሚያደርግ አስቡት። የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ከአሉም ጋር ወርቃማ ይሰጣል፤ አሉም ማለት ውሃ ለማጥራት የሚገባው ነጭ ጨው ነው። ልጣጩን ለመሰብሰብ ሠፈር ውስጥ ያለ ምግብ ቤት ለምኜ በከረጢት ይሰጡኛል፣ እንደ እብድ ያዩኛል፣ ግን ይሰጡኛል። የባህር ዛፍ ቅጠል ደግሞ በነጻ ነው፣ ደሴ ዙሪያውን እሱ ነው። ጥጥ ላይ ብቻውን ደብዛዛ ቡናማ ነገር ይሆናል። የዛገ ሚስማር በኮምጣጤ ዘፍዝፋችሁ ከዚያ ውሃ ጥቂት ጠብ ስታደርጉበት ግን ወደ ግራጫ ይገለበጣል፣ ቆንጆ፣ ጭስ ያለበት ግራጫ። ጥቂት ነው ያልኩት፤ ብረት ሲበዛ ጥጥን ያደርቀዋል፣ ክሩ መሸመኛው ላይ ይበጠሳል።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ፣ ማንኪያው ቀለም ለጥጥ ከ10 ሁለት፣ ለበግ ጸጉር ሰባት። የቀዝቃዛ ውሃው ዘጠኝ፤ አንዷን የቀነስኩበት ማሸጊያው ላይ ምንም ስላልተጻፈበት ነው፣ በላስቲክ ቋጥረው «ሰማያዊ» ብለው ይሰጧችኋል፣ ምን ያህል ሰማያዊ እንደሆነ የምታውቁት ነክራችሁ ነው። የጓዳውን አልመዝነውም፣ ነጻ ነገር አይመዘንም። ሽንኩርቱ ግን ከእርዱ ይበልጣል።

መጀመር ለሚፈልግ ሰው፦ ሦስት ቀለም ይበቃል። ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ እያንዳንዳቸው ጥቂት ግራም። ሌላውን ሁሉ እናንተው ትሠሩታላችሁ። ለድር የፋብሪካ ክር፣ ለማግ የእጅ ፈትል አድርጉ። ፈትሉ ወፈር ቀጠን ስለሚል ቀለሙን እኩል አይጠጣም፣ ለዚህ ጨዋታ ደግሞ ይህ ጸባዩ ጥሩ ነው። የተረፈ ሶዳ አሽ ካለ በክዳን ዕቃ ይቀመጥ፣ እርጥበት ከሳበ ልኬቱ ይዛባል። ጥቁር የምትፈልጉ ግን ለመንከር አትልፉ። የሌላውን ቀለም እጥፍ ይጠጣል፣ ሲታጠብም ማለቂያ የለውም፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ጥቁር ይሆናል። ጥቁር ክር ተነክሮ ይሸጣል፣ እሱን ግዙ።